ከማሳ እስከ ፋብሪካ በር

ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ኑግም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱም የኢትዮጵያ ገበሬ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው አዝርዕት ናቸው። ያም ሆኖ የከተማው ሰው ለዓመታት ወጡን የሠራው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ በመርከብ በመጣ የፓልም ዘይት ነው፤ በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ተሰልፎ፣ በድልድል በሚወሰድ፣ ብርድ ሲነካው በሚረጋ ዘይት። በዚያው ወቅት የሁመራና የመተማ ሰሊጥ በጆንያ ታሽጎ ወደ ቻይናና ወደ እስራኤል ይጫን ነበር። የእስራኤል የጣሂና ፋብሪካዎች የሁመራን ሰሊጥ ለጣዕሙ አጥብቀው ይፈልጉታል። እኛ ፍሬውን ሸጠን ዘይት እንገዛለን።

ይህን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ለምን እዚሁ አይጨመቅም? ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሰሊጥ በዓለም ገበያ ውድ ነው። አንድ ኩንታል ሰሊጥ የሸጠ ነጋዴ በዚያው ገንዘብ ከሰሊጡ ከሚወጣው ዘይት የበለጠ የፓልም ዘይት መግዛት ይችላል። ስለዚህ ሰሊጥ መላኩ ብቻውን ጥፋት ሊባል አይገባም። ጥፋቱ በሌላ በኩል ነበር። ዶላር መንግሥት በተመነው ዋጋ በሚመነዘርበት ረጅም ዘመን፣ ብዙ ላኪዎች ሰሊጥ የሚልኩት ከሰሊጡ ለማትረፍ ብለው አልነበረም፤ መኪና ወይም ሌላ ሸቀጥ የሚያስገቡበት ዶላር ፍለጋ ነበር። አገር ውስጥ ሰሊጡን ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ ገዝተው በኪሳራ ይልካሉ፤ ኪሳራውን ከሚያስገቡት ዕቃ ላይ ያወራርዳሉ። አዳማ ወይም ጎንደር ላይ መጭመቂያ የተከለ ሰው እንግዲህ ለሰሊጥ የሚጫረተው ከመኪና አስመጪ ጋር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን የዚህ መዛባት መሠረቱ ተነካ። ይሁን እንጂ በዚያ መዛባት ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ ፋብሪካም ገበሬም በአንድ ምንዛሪ ለውጥ አይታረምም።

ለአገር ቤት ምጣድ የሚስማማው ኑግ ነው። በብዛት የሚበላው እዚሁ ነው፤ መሬቱ ደከም ቢልም፣ ውኃ ቢቋጥርም ይችለዋል፤ ገበሬውም ማዳበሪያ ሳይጨምርለት ይዘራዋል። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፤ ማዳበሪያም የተሻለ ዘርም ስለማያገኝ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ጥቂት ኩንታል ነው። ለስንዴና ለበቆሎ የተደረገው ምርምርና የዘር ብዜት ለኑግ አልተደረገም። ሲጨመቅ ደግሞ ከዘይቱ ሌላ ፋጉሎ ይተርፋል። ፋጉሎ የወተት ላም ቀለብ ነው፤ በሱሉልታና በሰላሌ ወተት የሚያልብ ሰው ዋጋውን ከዘይት ዋጋ እኩል ይከታተላል። ፍሬ ሳይጨመቅ ሲሸጥ ፋጉሎውም አብሮ ተሸጠ ማለት ነው። ስለ ጥሬ ዕቃ ሲወራ ይህ ተረፈ ምርት ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከፋብሪካ ወደ ገጠር ተመልሶ የሚሄደው ግን እሱ ነው። የዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ፣ የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ፣ የቢራ ፋብሪካ አተላ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከብት በር ይደርሳል። በደብረ ዘይት ዙሪያ ያለው የወተትና የዶሮ ሥራ ከከተማ ገበያ ቅርበት ሌላ ከእነዚህ ተረፈ ምርቶችም ነው የቆመው።

አሁን ወደ ፋብሪካዎቹ። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነገረለት። ደብረ ማርቆስም ትልቅ ፋብሪካ አገኘች። ደስታው ተገቢ ነበር፤ ሒሳቡን ግን እንሥራው። 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት ከኑግ ለማውጣት በቀን ከ30 ሺህ ኩንታል በላይ ያስፈልጋል። ፋብሪካው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ከ9 ሚሊዮን ኩንታል ያላነሰ ይፈጃል። የአገሪቱ የቅባት እህል ምርት ሰሊጡም፣ ኑጉም፣ ተልባውም ተደምሮ ወደ 8 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ነው። አንድ ፋብሪካ ብቻውን በሙሉ አቅሙ ቢሠራ የአገሩን ሁሉ ጠርጎ ይበላና ገና ይርበዋል። ስለዚህ ድፍድፍ ፓልም ከውጭ እያስገቡ ወደ ማጣራት ማዘንበሉ የማይቀር ሆነ፤ ለዚያም ዶላር ያስፈልጋል። የጎጃም ማሳ ላይ የተተከለ ፋብሪካ ጉሮሮው ጂቡቲ ወደብ ላይ ቀረ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ባለሀብቱ ያለውን አፍስሷል። ፋብሪካው ቀድሞ የተሠራው ግን ማሳው ሳይታሰብ ነው።

ጥያቄው መቶ ዓመት አልፎታል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ድካሙ ለሌላ እንደሚሆን አስረድተዋል። ይህን ሐሳብ የዓለም የኢኮኖሚ ሊቃውንት በሰፊው የተከራከሩበት ከዚያ በኋላ አሥርተ ዓመታት ቆይተው ነው። ከእሳቸው ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ በራሱ ቋንቋ ተመሳሳዩን ብሏል። ኢሕአዴግ በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ግብርና መር የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ ገበሬው ሲያመርት ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆናል፣ ገቢው ሲያድግ ደግሞ የፋብሪካውን ዕቃ ይገዛል። በተግባር የግብርናው ሰው ኩንታል ይቆጥራል፣ የኢንዱስትሪው ሰው የወጪ ንግድ ዶላር ይቆጥራል፤ ከማሳው እስከ ፋብሪካው በር ያለው መንገድ ባለቤት አጣ። ሰብሳቢ፣ ደላላ፣ መጋዘን፣ ሚዛን፣ ደረጃ መዳቢ፣ የሚያበድር፣ ዋጋ የሚነግር፤ ይህ ሁሉ የማንም ዕቅድ ውስጥ በወጉ አልገባም።

ቆዳን የመሰለ የዚህ ምስክር የለም። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ በጎችና ፍየሎች ያሉባት አገር ናት። የደጋው በግ ሌጦ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ይመረጣል፤ የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ ሌጦ በዓለም የቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በስማቸው የሚጠሩ ናቸው። መንግሥት ይህን አይቶ በ2000 ዓ.ም. ጥሬና ያላለቀለት ቆዳ ሲወጣ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ጥቂት ቆይቶም ክረስት የሚባለውን፣ ከማጠናቀቂያው አንድ ደረጃ የሚቀረውን ቆዳ ጨመረበት። ያለቀለት ቆዳ ወይም ጫማ ካልሆነ አይወጣም ማለት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ ዱከም ላይ ሥራ ሲጀምር ነገሩ የሠመረ መሰለ። በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ማብቂያ ዘርፉ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር እንዲያስገባ ታቅዶ ነበር። ከ130 ሚሊዮን ብዙም ሳያልፍ ቀረ፤ ከዚያ በኋላም ወረደ። ዶክተር አርከበ እቁባይ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ ሲሚንቶን፣ አበባንና ቆዳን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቆዳው የተጠበቀውን ያህል እንዳልተራመደ ጽፈዋል። ፖሊሲውን ካወጡትና ከመሩት አንዱ ስለነበሩ ምስክርነታቸው ይመዝናል።

ምን ሆነ? ቆዳ ከሌላው ጥሬ ዕቃ የሚለይበት ጠባይ አለው። ማንም ሰው ለቆዳው ብሎ በግ አያርድም። በግ የሚታረደው ለፋሲካ፣ ለአረፋ፣ ለመስቀል፣ ለእንግዳ ነው፤ ቆዳው ተረፈ ምርት ነው። ስለዚህ ዋጋው ቢጨምር የቆዳው ብዛት ያን ያህል አይጨምርም፤ የሚጨምረው ለቆዳው የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ዋጋው ጥሩ ከሆነ አራጁ ቢላውን ይጠነቀቃል፣ ሴትየዋ ቶሎ ጨው ትነሰንሳለች፣ ሰብሳቢው በዚያው ቀን ይደርሳል። ዋጋው ከወደቀ ቆዳው እዚያው ይገማል። ቀረጡ የውጭ ገዢውን ከገበያ ሲያስወጣ ገዢዎቹ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ብቻ ሆኑ። እነሱ ደግሞ ክሮሙንም፣ ማቅለሚያውንም፣ ሌላውንም ኬሚካል ከውጭ ነው የሚያመጡት፤ ዶላር ባጡ ጊዜ ሥራ ያቆማሉ፤ ሥራ ሲያቆሙ ቆዳ አይገዙም። ዋጋው እየወረደ ሄዶ በበዓል ማግስት በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የተጣለ ሌጦ ማየት የተለመደ ሆነ። አንድ ሌጦ የሚሸጥበት ገንዘብ የሚታሸበትን ጨው ዋጋ ካልሸፈነ ምን ይደረግ? ፋብሪካውን ለመርዳት የወጣ ሕግ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ ገደለ፤ የዋጋው መሞት የጥሬ ዕቃውን ጥራት ገደለ፤ ፋብሪካውም ጥራት የለም ብሎ አለቀሰ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ እከኩ አለ። ቅማልና እከክ አምጪ ተባይ በጉ በሕይወት እያለ ሌጦውን ያበላሹታል፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆዳው ከተለፋ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በጎቹን በጊዜው ማጠብ ወይም መርጨት ብቻ። ነገር ግን በሜዳ ላይ ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተጠሪነቱ ለግብርና ነው፤ ጉዳቱን የሚከፍለው ሞጆ ያለ ቆዳ ፋብሪካ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ንጹሑም እከካሙም ሌጦ በተመሳሳይ ዋጋ ሲሸጥለት ለመድኃኒት የሚያወጣበት ምክንያት የለውም። ለቆዳ ዘርፍ ከተደረጉት ስብሰባዎች ሁሉ ይልቅ በጉን የሚያጥብ ሰውና ንጹሕ ሌጦ በተሻለ ዋጋ የሚገዛ ሰብሳቢ ይበልጥ ይጠቅሙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ደህናው እንሂድ። ልማት በቢራ ተሳክቷል ሲባል ለአንዳንድ አንባቢ እንደማይዋጥለት አውቃለሁ፤ እኔም ስለ መጠጡ ጥብቅና አልቆምም። ገብሱ ግን ሊታይ ይገባዋል። የቢራ ፋብሪካዎች በብዛት በውጭ ኩባንያዎች እጅ መግባት ሲጀምሩ፣ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. በደሌንና ሐረርን ሲገዛ፣ ዲያጆ በ2004 ሜታን ሲገዛ፣ ፋብሪካዎቹ ከሚያስፈልጋቸው ብቅል ትልቁን እጅ ከውጭ ነበር የሚያስገቡት። ገብስ በሞላባት አገር! የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቢኖርም አቅሙ ውስን ነበር፤ በኋላ ጎንደር ላይ ሌላ ተጨመረ። ገዢዎቹ ዶላር እንደማይበቃቸው ሲያዩ ወደ ማሳው ሄዱ። ትራቬለርና ግሬስ የተባሉ ዝርያዎች መጡ፤ ቀድሞ ከነበሩት ከሆልከርና ከሳቢኒ ጋር ተሠራጩ። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከገበሬው ጋር ውል ያዙ፤ ዘርና ማዳበሪያ በብድር፣ ዋጋ ከገበያው ትንሽ ከፍ ብሎ። በ2013 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ትላልቅ የብቅል ፋብሪካዎች፣ የፈረንሳዩ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ፣ ቡርትማልት ደግሞ በደብረ ብርሃን፣ እያንዳንዳቸው በዓመት 60 ሺህ ቶን የማምረት አቅም ይዘው ሥራ ጀመሩ። ከውጭ ይመጣ የነበረው ብቅል በአብዛኛው በአርሲ፣ በባሌና በሰሜን ሸዋ ገብስ ተተካ።

የብቅል ገብስ ተራ ገብስ አይደለም፤ ትምህርቱም እዚህ ላይ ነው ያለው። ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ካለፈ ፋብሪካው አይፈልገውም። ገበሬው ለስንዴ የለመደውን ያህል ዩሪያ ቢጨምርበት ምርቱ ይበዛል፣ ፕሮቲኑም አብሮ ይወጣል፣ ጭነቱም ከፋብሪካ በር ይመለስበታል። ፍሬው እንደ ዘር መብቀል መቻል አለበት፤ በውቂያ የተሰበረ፣ በዝናብ የተመታ፣ ክምር ላይ የጋለ ገብስ ለቆሎ ይሆን ይሆናል እንጂ ለብቅል አይሆንም። ይህን ሁሉ ገበሬው ማወቅ የቻለው የሚነግረው ሰው አጠገቡ ስለነበረ ነው። ያ ሰው ደግሞ ትናንት የመጣ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ በጭላሎ የተጀመረው የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ ከኩሉምሳ ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ የአርሲን ገበሬ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ኅብረት ሥራ አስተምሯል። ካዱ ባለ መሬቱ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን እስከ ማስወጣት ያደረሰ መዘዝም ነበረው፤ ያን መሸፈን አይገባም። ቢራ ጠማቂዎቹ ሲመጡ ያገኙት ግን ሃምሳ ዓመት የተለፋበት መንገድ ነው። ስለ ስኬታቸው ሲጻፍ ይህ ሃምሳ ዓመት አይቆጠርም፤ ሌላ ቦታ ያንኑ በሦስት ዓመት ለመድገም የሚሞከረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ችግር የለም ማለቴ አይደለም። የምግብ ገብስ ዋጋ በመኸር ሰዓት ሲወጣ ገበሬው ውሉን ትቶ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ዩኒየኑ ዘር ያበደረበትን ሳያገኝ ይቀራል። ገበሬውን ከሃዲ ማለት ይቀላል። ነገር ግን ውል የሚጠብቀው ሰው ዋጋ ሲወርድም ገዢው ውሉን እንደሚጠብቅለት ያየ ሰው ነው፤ ይህ እምነት በአንድ መኸር አይገነባም።

ጥሬ ዕቃው ራሱ ፋብሪካው የት እንደሚቀመጥ ይወስናል፤ ይህን የሚያስተውል ዕቅድ አውጪ ጥቂት ነው። ሰሊጥ ወር ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ መጭመቂያው ገጠር መሆኑ ግድ አይደለም። ሸንኮራ አገዳ ግን ከተቆረጠ በሰዓታት ውስጥ ስኳሩ መቀነስ ይጀምራል፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ሲቋቋም አገዳው መሐል የተቀመጠው ለዚህ ነው። ከወንጂ በኋላ በተለይ በ2003 ዓ.ም. ዕቅድ ስለተጀመሩት ብዙ የስኳር ፋብሪካዎች፣ ስለ ዘገዩት ግንባታዎችና ስለ ዕዳቸው ብዙ ተብሏል፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በአዋሽና በኦሞ ሸለቆ ለአገዳው የተወሰደው መሬት የአርብቶ አደር ግጦሽ ነበር። የገጠር ኢንዱስትሪ ተብሎ የገጠሩን ሰው ከቦታው ካስነሳ ስሙ ራሱ ይጠየቃል።

ቡናም ከሚበላሹት ወገን ነው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይለወጣል። በጌዴኦና በሲዳማ ኮረብታ ላይ የተበተኑት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች እንግዲህ ፋብሪካ ናቸው፤ ማንም ፋብሪካ ብሎ ባይጠራቸውም። መፈልፈያ ማሽን አላቸው፣ የውኃ ቦይ አላቸው፣ በአልጋ ማድረቂያ ላይ ቡናውን የሚለቅሙና የሚያገላብጡ ብዙ ሴቶች ይሠሩባቸዋል። ሁልጊዜ «ቡናውን ቆልተን እንላክ» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የተቆላ ቡና ሽታው ቶሎ ይሄዳል፤ ጠጪው አጠገብ ነው የሚቆላው። ትልቁ የዋጋ ልዩነት ያለው እሸቱ ላይ ነው። ዝንቅ ሆኖ የወጣ ቡናና በየጣቢያው ተለይቶ፣ በጥንቃቄ ታጥቦና ደርቆ የወጣ ቡና የዋጋቸው ርቀት ትልቅ ነው። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ የወጡ ጥቂት ጆንያዎች ከተለመደው ዋጋ ብዙ እጥፍ ተሸጡ። መቁያውን ትተን ማጠቢያውን ብናበዛና ብናሻሽል ገጠሩ ይበልጥ ይጠቀማል።

የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች የተባሉት አራቱ፣ ቡሬ፣ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር፣ ሐሳባቸው ከዚህ አንጻር ትክክል ነው። ፓርኩ መሐል ላይ ይቆማል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያው የገጠር ሽግግር ማዕከላት ይተከላሉ፤ ምርቱ እዚያ ተሰብስቦ፣ ተመዝኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት ይመጣል። ቀደም ብዬ ባለቤት የለውም ያልኩት መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕቅድ ላይ ተሳለ። ሦስቱ በ2013 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ባዕከርን የሰሜኑ ጦርነት ቀደመው። ይርጋለም ላይ የአቮካዶ ዘይት መጨመቅ ተጀመረ፤ ለትኩስ ገበያ መጠኑ ወይም መልኩ የማይሆን አቮካዶ ገዢ አገኘ፤ ይህ ለሲዳማ ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በሥራው ሂደት የተለመደው ነገር ታየ፤ የፓርኩ አጥር፣ መንገድና ሼድ ቀድሞ አለቀ፤ የመሰብሰቢያ ማዕከላቱ ወደ ኋላ ቀሩ። ለምረቃ የሚያምረው ሼድ ነው።

እነዚህን ፓርኮች ከሐዋሳው ጋር ማደባለቅ አይገባም። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፍቶ ወደ አሜሪካ የሚልክ ነበር፤ ጨርቁ በአመዛኙ ከእስያ ይመጣል። አጎዋ የተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ጨርቁ ከየትም ቢመጣ ግድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ጥጥ ለማልማት የሚያስገድድ ምንም ነገር አልነበረም። ለጥጥ ሊሆን የሚችል ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት አለ እየተባለ በየመድረኩ ሲነገር የሚለማው ከመቶ ሺህ ሄክታር በታች ነው። ፓርኩ የተጠቀመበት የአገር ሀብት የሲዳማና የወላይታ ልጃገረዶች ጉልበት ብቻ ነበር፤ መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ዘግቧል። ከዚያች ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለወላጅ የሚላክ ምን ይተርፋል? በ2014 ዓ.ም. አጎዋ ሲነሳ፣ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎም ትልቁ ገዢ ፒቪኤች ሲወጣ፣ በአካባቢው ሥር የሰደደ ነገር ስላልነበረ ብዙው ሥራ ቆመ።

ከሐዋሳው ጎን የአዲስ አበባውን የሸማኔዎች ገበያ፣ ሽሮ ሜዳን፣ ማስታወስ ደስ ይለኛል። የዶርዜ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርጋል፣ ማጉን ሴቶች በእንዝርት ከፈተሉት ያመጣል። በአንድ ነጠላ ላይ የጥጥ ገበሬ፣ የክር ፋብሪካ፣ ፈታይ፣ ሸማኔ፣ ጥልፍ ሠሪና ነጋዴ እንጀራ ይበላሉ። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በስቶክሆልም ያለው ሐበሻ ለሠርግና ለበዓል የሚያዝዘው ልብስ ደግሞ ይህን ገበያ ያቆመ ነው። አሁን በማሽን የታተመ፣ ጥለት የሚመስል የቻይና ጨርቅ እየገባ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ማተሚያ ይተካዋል። ሸማኔው ጥበቃ የሚያገኘው ከየት ነው? ለባለ ፓርኩ የቀረጥና የግብር እፎይታ የሰጠ መንግሥት ለሸማኔው የመሥሪያ ቦታ እንኳ በልመና ነው የሚሰጠው።

ባልትናውም እንዲሁ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ቆሎ እያዘጋጁ የሚሸጡ ቤቶች በብዛት የሴቶች ናቸው። ዕቃቸው ከአላባና ከማረቆ በርበሬ፣ ከአዳአ ጤፍ፣ ከደጋ ባቄላና አተር የሚመጣ ነው። የጤፍ እህልና ዱቄት በ1998 ዓ.ም. ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲታገድ እንጀራ ግን አልታገደም፤ ስለዚህ ተጋግሮ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አረብ አገሮች መሄድ ጀመረ። ክልከላው ያሰበውም ይሁን ያላሰበው፣ በጥሬው ፋንታ የተሠራው የወጣበት ነገር እንጀራ ሆነ፤ የውጭ ባለሙያ አላስፈለገውም፣ የውጭ ኬሚካል አላስፈለገውም፣ ሙያውን የአገሩ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ቆዳው በ150 በመቶ ቀረጥ ያላገኘውን ይህ ያገኘው ሙያው እዚሁ ስለነበረ፣ ገዢውም የራሷ የአገሪቱ ልጅ በመሆኑ ነው። ከባንክ ብድር ለመውሰድ ግን የባልትና ቤት ባለቤት የቤት ካርታ ታስይዛለች፤ ካርታው ደግሞ ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው።

ወደ ባለቤትነት ስንመጣ የጎረቤት ምሳሌ አለ። ኬንያ በ1964 እ.ኤ.አ. አነስተኛ የሻይ ገበሬዎችን የሚያደራጅ መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ገበሬው የለቀመውን ቅጠል በየሰፈሩ በሚገኝ መመዘኛ ያስረክባል፤ በየወሩ የተወሰነ ይከፈለዋል፤ ሻዩ ተሸጦ ሲያልቅ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የቀረው ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 መሥሪያ ቤቱ ሲለወጥ ፋብሪካዎቹ በአክሲዮን የገበሬዎቹ ሆኑ፤ ዛሬ ከኬንያ ሻይ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከእነዚህ ትናንሽ ማሳዎች ነው። የአስተዳደር ሽኩቻ፣ የቦነስ ቅሬታ፣ ፖለቲካ አላጣውም። ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣው ያ ገንዘብ ገበሬው ቅጠሉን ለሌላ ከመሸጥ የሚያቅበው ትልቁ ነገር ነው። ሕንድ ውስጥ አሙል በሚል ስም የሚታወቀው የወተት ኅብረት ሥራ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲነሳም መነሻው የወተት ዋጋ ጠብ ነበር፤ ገበሬዎቹ ነጋዴውን አንሸጥልህም ብለው የራሳቸውን ማቀነባበሪያ ተከሉ።

በእኛም አገር ጅምር አለ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቡናውን በቀጥታ ይልካል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ከመንግሥት ይዞታ ሲወጣ የገዛው የኦሮሚያ የግብርና ኅብረት ሥራ ፌዴሬሽን ነው። በወረቀት ሲታይ የበቆጂ ገብስ አምራች የፋብሪካው ባለድርሻ ሆነ። እሱ ግን ከመሠረታዊ ማኅበሩ አባል ነው፣ ማኅበሩ የዩኒየኑ፣ ዩኒየኑ የፌዴሬሽኑ። ትርፉ ይህን ሁሉ ደረጃ ወርዶ ሲደርሰው የማዳበሪያ ዕዳ ማካካሻ እንኳ ካልሆነ፣ ገብሱ ሲደርስ ለፋብሪካው ወይስ ለነጋዴው ይሽጥ የሚለውን የሚወስነው እንደማንኛውም ሻጭ ነው፤ የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ።